ሮብ ዕለት የታዘዘ የቅቤ ኬክ

ክሬም አስመሳይ ነው፤ ቅቤ ደግሞ ግትር ነው። በኬክ ሥራ ላይ ያለኝ እውቀት በሙሉ ይኸው ነው፤ ከዚህ በላይ አውቃለሁ ካልኋችሁ አትመኑኝ።

ክሬም የምላችሁ ያን በካርቶን ታሽጎ የሚመጣውን ነጭ ዱቄት ነው። የቀዘቀዘ ውሃ ጨምራችሁ ስትመቱት ትናንት እንደተሾመ ሰው ይነፋል። ያምራል፣ ይቀላል፣ ጠዋት የጀመራችሁት ኬክ ሳይረፍድ ለብሶ ይቀርባል። የወረታን ፀሐይ ሲያይ ግን ሹመቱን ትቶ ይወርዳል። ቅቤ እንዲህ አይደለም። መታጠብ አለበት፣ ነጭ እስኪሆን መመታት አለበት፣ ስኳሩ ደቅቆ ተነፍቶ በጥቂት በጥቂቱ መግባት አለበት። ቀን ይፈጃል፣ ክንድ ይጨርሳል። አንዴ ከቆመ ግን ቆመ ነው፤ አበባ ብትሠሩበት አበባው ሳምንት ያያችኋል።

እኔ የክሬም ወገን ነኝ። የፎገራ ላም ቅቤ ሸጋ መሆኑን አልክድም፤ ያገሬ ሰው ግን ቅቤን የሚያውቀው በወጡና በአናቱ ነው። አንድ ጊዜ ለሰርግ የቅቤ ኬክ ሠርተን ብንልክ፣ አንድ ሽማግሌ ቀምሰው ቀምሰው "መልካም ነው፤ ብቻ የሹሩባ ጣዕም አለው" አሉ ተባለ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ቅቤ በኔ ቤት ኬክ ላይ እንዳይወጣ አወጅሁ። በዚያ ላይ ጾሙን ቁጠሩት። ሮብ አለ፣ ዓርብ አለ፣ ሁዳዴ አለ፣ ፍልሰታ አለ። ቅቤ ዓመቱን ሲከለከል ይከርማል። ክሬሙ ግን ከምን እንደተሠራ ማንም ስለማያውቅ የጾም ነው ተብሎ ይበላል።

ትርንጎ የቅቤ ወገን ናት። ትርንጎ ኬኮቼን የምታስጌጥልኝ ባለሙያ ናት፤ የቁሐር ሚካኤል ገበሬ ልጅ፣ ባሕር ዳር ሆቴል ቤት ሠርታ ሙያውን ይዛ የመጣች፣ ምላሷ ከቢላዋዋ የሰላ። በየጠዋቱ ሽርጧን እያሰረች "ዛሬስ በቅቤ ልሥራ?" ትለኛለች። "ቅቤ እዚህ ቤት አይገባም!" እላታለሁ። "እንግዲያው አረፋዎን ይሽጡ" ትለኛለች። የጠዋት ሰላምታችን ይኸው ነው። አዲስ ደንበኛ ሲሰማን ሊገላግለን ይነሳል።

መስቀል ካለፈ በኋላ በአንድ ሮብ፣ ትርንጎ እንቁላል ልትገዛ ገበያ እንደወጣች መምሬ አየነው መጡ። መምሬ የትርንጎ ቤተሰብ የንስሐ አባት ናቸው። የኬክ ቤት ደጃፍ ረግጠው አያውቁም፤ በመንገዱ ሲያልፉ እንኳ ፊታቸውን ወደ ጎማ ጠጋኙ አዙረው ነው። ገብተው ሲቆሙ መስቀል መሳለሙን ረሳሁት።

"ብቻህን ነህ?" አሉኝ።

"ብቻዬን ነኝ አባቴ፤ ምነው በደኅና?"

"ይርጋ ሞተ።"

ይርጋ የትርንጎ ታናሽ ወንድም ነው። ክረምቱ ሲጋመስ ለሰሊጥ ሥራ መተማ ወርዶ ነበር። ሊሄድ ሲል እኅቱን ሊሰናበት እዚህ ቤት መጣ፤ ከክሬሙ በጣቱ ልሶ ትንሽ አሰበና "ጋሼ፣ ይኼ እኮ ንፋስ ነው" ብሎኝ ሄደ። እኔም "ሂድ ወዲያ፣ እንደ እኅትህ ነህ!" ብዬ በፎጣ አባረርሁት። መጨረሻ የተባባልነው እሱን ነው። ወባ ነው አሉ መምሬ፤ ጓደኞቹ እዚያው ቀብረውታል።

"እናቱም አልሰማችም፣ እኅቱም አልሰማችም" አሉኝ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። "አጎታቸው ከእብናት ሲመሽ ይገባል። ነገ ጎህ ሲቀድ ሁለቱንም ቁሐር እናትየው ቤት፣ ዘመድ ባለበት እናረዳቸዋለን። ልጅቱ ቀድማ ከሰማች እየጮኸች ወደ እናቷ መሮጧ ነው። እናትየው ልበ ሕመምተኛ ናት፤ በሩጫ የመጣ መርዶ ይገድላታል። በተከራየችበት ግቢ ደግሞ ሁሉም ሰምቷል። ስለዚህ እስኪመሽ አንተ ዘንድ ትዋል። እሷም ስልክ እንዳታነሳ።"

"አባቴ፣ እኔ እኮ ፊቴን መደበቅ አልችልም።"

"አንተማ ዘወትር እንደተኮሳተርህ ነህ፤ ማን ያውቅብሃል?" አሉኝና ወጡ።

ብቻዬን ቀረሁ። ሮብ ነው፤ ትዕዛዝ የለም። ሥራ ከሌለ ትርንጎ እቤቴ ልግባ ትላለች። ትዕዛዝ ልፍጠር ብል፣ በክሬም ከሆነ ከምሳ በፊት ጨርሳ ሽርጧን ትሰቅላለች። ቀን የሚፈጅ ነገር ምን አለ ብዬ ሳስብ ያ ያወገዝሁት ቅቤ ትዝ አለኝ። በዚያች ሰዓት ራሴን ብልጥ ነህ አልሁት፤ እንዲህ ያልሁት ጊዜ ሁሉ የደረሰብኝን ብነግራችሁ ይመሻል።

ትርንጎ እንቁላሉን ይዛ ገባች።

"ትዕዛዝ መጥቷል" አልኋት ሳትቀመጥ። "ትልቅ ነው። ለነገ ጠዋት ነው።"

"ለማን?"

"ከደብረ ታቦር የመጣ ሰውዬ። ለእናቱ ልደት።"

"በክሬም ነዋ።"

"በቅቤ" አልሁ።

እንቁላሉን ቀስ ብላ አስቀመጠችና አየችኝ። እኔ ወደ ሚዛኑ ዞሬ የሌለ ዱቄት መመዘን ጀመርሁ።

"በቅቤ? ሮብ ዕለት?"

"የሚበላው ነገ ነው አልሁሽ እኮ! ሰውዬው በቅቤ ካልሆነ ሞቼ እገኛለሁ አለ" አልሁና ምላሴን ነከስሁ።

ሽርጧን አነሳችና አሰረች። "እሺ ጋሼ" አለች። ትርንጎ እሺ ብላኝ አታውቅም። እኔ ሞኙ ግን ሰጥ ለጥ አድርጌ አታለልኋት ብዬ ደስ አለኝ።

ለቤቴ ወጥ ብዬ ማቀዝቀዣው ውስጥ ያኖርሁትን ለጋ ቅቤ አውጥቼ ሰጠኋት። ቀጥሎ ስልኩ ነበር። "የኔ ተበላሽቷል፣ ሰውዬው በአንቺው ይደውልልኝ" ብዬ ተቀበልኋት። ኪሴ ሳይገባ ጠራ። ወደ ጓሮ ሮጬ ባነሳው አንዲት ሴት "ትርንጎዬ፣ ወየው እኅቴ..." ብላ ልትጮህ ስትጀምር "ተሳስተዋል፣ ኬክ ቤት ነው!" ብዬ ዘጋሁባት። ላጠፋው ብነካካው ጭራሽ ድምፁን ጨመርሁት። ሌላ መላ ስላጣሁ በላስቲክ ጠቅልዬ ዱቄት ጆንያ ውስጥ ቀበርሁት። ትንሽ ቆይቶ ከጆንያው ውስጥ ዘፈን ተነሳ።

"ጋሼ፣ ዱቄቱ እየጠራዎት ነው" አለች ትርንጎ፣ ቀና ሳትል።

"ሰውዬው ይሆናል።"

"ታዲያ አያነሱለትም?"

"ይቆይ! ነጋዴ ቶሎ ካነሳ ይንቁታል።"

ወረታ መንታ መንገድ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ ከጎንደርም ከደብረ ታቦርም የመጣውን ወሬ ስታሳልፍ ኖራ፣ መያዝ አልለመደችም። በየቀኑ ዘፈን ከፍቶ ጆሯችንን የሚያደነቁረው ባጃጅ ነጂ ያን ቀን ደጃፋችን ሲደርስ ዘፈኑን አጠፋና ኮፍያውን አውልቆ አለፈ። እትየ ዘውዴ የሚባሉ ባልዲና ጆግ የሚሸጡ ጎረቤት አሉን። በእድፍ ውሃ አደፋፍ ከትርንጎ ጋር ተጣልተው ከተኮራረፉ ቆይተዋል። እሳቸው ድንገት ገብተው አንገቷን አቅፈው ግራ ቀኝ ይስሟት ጀመር።

"ምነው እትየ፣ ያለቅሳሉ?" አለቻቸው።

"ሽንኩርት ስልጥ ውዬ ነው። አይ እግዜር! ያን የመሰለ ወን..."

እግራቸውን ረገጥኋቸው። ጮኹ። እኔም ሳል እንደያዘው ሰው እየሳልሁ፣ ትከሻቸውን ይዤ ወደ ባልዲያቸው መለስኋቸው። ስመለስ ትርንጎ እጇ ቅቤው ውስጥ እንደገባ ቆማለች። ከዚያ እንደገና መምታት ጀመረች። ስትመታ ማሽኑ አልበቃ ብሏት በእጇ ነበር።

ቀትር ላይ ኬኩ አለቀ። እውነቱን ልናገር፣ እንዲህ ያለ ኬክ በዚያ ጠረጴዛ ላይ ወጥቶ አያውቅም። ነጭ ነው፣ ግድግዳው ለጥ ያለ ነው፤ ዙሪያውን ደግሞ ሁልጊዜ የምትሠራውን ጽጌረዳ ትታ፣ ከዚያች አፏ ብረት ከሆነ ከረጢት እየጨመቀች የሩዝ ዛላ አውጥታበታለች። ዛላው ፍሬ ከብዶት ጎንበስ ብሏል። ቁሐር ማሳ ላይ አሁን እንዲሁ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ማን እንደዘራውም አውቃለሁ። በዚያ ላይ ገና ቀትር ነው።

"ጽጌረዳ ነው የተባለው!" ብዬ ጮህሁ። "ፋቂው!"

"ሩዙ አላማረም?"

"ሰውዬው ሩዝ አይወድም!" አልሁና ማለስለሻ ቢላዋዋን ነጥቄ ራሴ ፋቅሁት። እሷ አጠገቤ ቆማ ዛላው አንድ በአንድ ሲሄድ አየች።

"እሺ ጋሼ" አለች አሁንም። "እንደገና እሠራዋለሁ።"

"ሁለተኛ ፎቅም ይጨመርበት!" አልሁ። ቅቤው አልቆ ስለነበር ልገዛ ወጣሁ፤ ከፊቷ መሸሼም ነበር።

ገበያ ውስጥ ከሜዳው ለወጤ ቅቤ የሚያመጡልኝ ሴትዮ አሉ። ቅቤውን ላነሳ ስል እጄን ያዙኝ።

"ለማን ነው? ለኬክ ቤትህ እንዳትለኝ፤ አንተ ቅቤ አትወድም።"

"ትርንጎ ሥራ ይዛለች፣ እናቴ፤ እስኪመሽ ላቆያት ብዬ..."

"አንተ ሰው!" አሉ ቅቤያቸውን ወደ ኋላ ስበው። "ነገ ለምታለቅስ ልጅ ዛሬ ቅቤ ታስነካለህ? ምነው፣ አሳዳጊ የለህም?"

እዚያው ደርቄ ቀረሁ። ሐዘን የገባበት ሰው ቅቤ እንደማይነካ ሳላውቀው ቀርቼ አይደለም። እናቴን የቀበርሁ ጊዜ እኅቶቼ አናታቸው ደርቆ ተሰነጣጥቆ ነው ዓመቱን የገፉት። እሷን ግን እስከ ክንዷ ቅቤ ውስጥ ነክሬያት ነው የመጣሁ! ባዶ እጄን እየሮጥሁ ተመለስሁ።

"ተይው! ቅቤው ይነሳ! በክሬም ይሁን!" አልሁ ገና ከበሩ።

"ሰውዬው ደወለ?"

"ደወለ!"

"በየትኛው ስልክ?"

ዱቄቱ ዝም አለ። ትርንጎ ጉድ ነው ሳትል ቅቤውን ፍቃ በጎድጓዳ ሳህን አኖረችና ክሬም በጥብጣ መታች። ገና አልብሳ ሳትጨርስ መብራት ጠፋ። ማቀዝቀዣው ዝም አለ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፣ የከሰዓቱ ፀሐይ በላያችን ነው። ክሬሙ ማላብ ጀመረ። መጀመሪያ ጌጡ ወረደ፣ ቀጥሎ ግድግዳው ወረደ፣ በመጨረሻ የላይኛው ፎቅ እንደ ሰካራም ወደ ጎንደር መንገድ አዘነበለ። ሮጬ በሁለት እጄ ደገፍሁት።

እንደ ደገፍሁት ቆምሁ። ብለቀው ይወድቃል፣ ብይዘው በጣቶቼ መሐል ይፈሳል። ይርጋ ንፋስ ነው ያለኝ ታወሰኝና እንባዬ ዱብ ዱብ አለ። እጄ ስለተያዘ መጥረግ አልቻልሁም።

"ክሬም ዓይኔ ገባ" አልኋት።

ትርንጎ መጣችና በሽርጧ ጫፍ ዓይኔን ጠረገችልኝ። "አይዞዎት ጋሼ" አለችኝ። "አይዞዎት፣ ይቆማል።" እንግዲህ አስቡት፤ የነገዋ አልቃሽ የዛሬውን አልቃሽ ስታጽናና! እንዲህ ያፈርሁበት ቀን የለም።

"ቅቤውን አልጣልሁትም" አለች። "ልመልሰው?"

"መልሽው" አልሁ። ከልካይ ጉልበት አልነበረኝም።

እንደገና መታችው፣ እንደገና አለበሰችው፣ የሩዙን ዛላ እንደገና አወጣችው። በዚህ ጊዜ ሰውዬው ሩዝ አይወድም አላልሁም። ጀንበር ስታዘቀዝቅ ባጃጅ ደጃፋችን ቆመ፤ መምሬ አየነው ከእብናት ከመጣው አጎት ጋር ወረዱ። አጎትየው በር ላይ ቀረ። መምሬ እንደምንም ፈገግ ብለው "ትርንጎ፣ እናትሽን ትንሽ ቁርጠት ይዟት ነው፤ አብረን እንድረስ" አሏት።

"ስሙን ሳልጽፍ?" አለች። "ቀኑን ሙሉ ስሙን የነገረኝ የለም።"

ከረጢቱን አነሳች፣ ኬኩ ላይ ጎንበስ አለች፣ ትንፋሿን ዋጥ አድርጋ በሚያምር እጅ "ይርጋ" ብላ ጻፈች።

መምሬ መስቀላቸውን ጨበጡ። እኔ ጆንያው ላይ ተቀመጥሁ።

"ከመቼ ጀምሮ ነው?" አልኋት።

"ቅቤ ያሉኝ ጊዜ። እርስዎ ሰው ካልሞተ በቅቤ አያሠሩኝም። ማን እንደሁ ግን አላወቅሁም፤ እናቴ ትሁን ብዬ ፈርቼ ነበር። ኋላ እትየ ዘውዴ 'ያን የመሰለ' ሲሉ እሱ መሆኑን አወቅሁ።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ሥራ ላይ ነኝ፣ ሲያልቅ እሰማለሁ ብዬ ነዋ። ሊያልቅ ሲል እርስዎ ያፈርሱልኛል። ባፈረሱት ቁጥር ይርጋ ትንሽ ቆየልኝ።" ወደ መምሬ ዞረች። "እናቴ ሰምታለች?"

"አልሰማችም፣ ልጄ።"

"እንግዲያው እኔም አልሰማሁም" አለች።

ስሙን በማለስለሻው አንድ ጊዜ ሳበችበት፤ እንዳልተጻፈ ሆነ። ከዚያ "እናቴን ቅቤ እንዳልሸታት ያስታጥቡኝ" አለችኝ። ሙቅ ውሃ አፈሰስሁላት። በሳሙና አሸች፣ በሎሚ አሸች፣ በአመድ አሸች። ከጣቶቿ ሄደ፤ ከጥፍሮቿ ሥር ግን አልወጣ አለ። ጥፍሯን በመቀስ ከረከመችና ባጃጁ ውስጥ ገባች።

ሜዳው ገና የክረምቱን ውሃ አልጨረሰም ነበርና ባጃጁን ትተን ጭቃውን በእግራችን ነው የጨረስነው። እናትየው ቁርጠት የለባቸውም፤ ልጄ ምን እግር ጣለሽ ብለው እየሳቁ ተቀበሏት። ትርንጎም "ናፍቀሽኝ ነው" አለቻቸው፣ ራት አቀረበች፣ እግራቸውን አጥባ አስተኛቻቸው። ጎህ ሲቀድ ዘመድ ጎረቤቱ ነጠላውን አዘቅዝቆ ግቢውን ሞላው። መምሬ ሲናገሩ ትርንጎ እናቷን ከኋላ አቅፋ ይዛ ነበር። እናትየው ሲጮኹ እሷም አብራ ጮኸች። እኔ ታውቃለች ብዬ ሳያት፣ ጩኸቷ ግን ገና ያኔ የሰማ ሰው ጩኸት ነበር። ምናልባትም ያኔ ነው የሰማችው።

ኬኩ? ከለቅሶ ስመለስ ትታው እንደሄደች ቆሞ ጠበቀኝ፤ አንድ ዛላ አልወደቀም። ክሬም ቢሆን ኖሮ ራሱ ፈርሶ በገላገለኝ። ተሸክሜ ቤተ ክርስቲያን ደጅ ለነዳያን አደረስሁት። የማን ነው ሳይሉ በልተው "ነፍስ ይማር" አሉ።

ትርንጎ ከአርባው በኋላ፣ ሩዙ ሲታጨድ ተመለሰች። ጥቁር ለብሳለች፣ ፀጉሯን ተላጭታለች። ምን ላድርግላት ብዬ ስጨነቅ ሰንብቼ ነበርና፣ ሽርጧን ስታነሳ ገና ሳትጠይቀኝ፣ ድምፄን አለስልሼ "ትርንጎ፣ ዛሬ በቅቤ ሥሪ" አልኋት።

ሳህኑ ከእጇ ወደቀ።

"ማን ነው?" አለች።

"ማንም!"

"እናቴ ናት? ጋሼ፣ እናቴ ናት?"

"ኧረ ማንም አልሞተም! ደስ እንዲልሽ ብዬ ነው!"

አላመነችኝም። ወደ እናቷ ደውዬ ድምፃቸውን እስካሰማት ድረስ ግድግዳውን ይዛ ቆማ ነበር። ስልኩን ስትመልስልኝ እጇ በረዶ ሆኗል።

ከዚያ ወዲህ በየጠዋቱ ሽርጧን እያሰረች "ዛሬስ በቅቤ ልሥራ?" ትለኛለች፤ ስትጠይቀኝ ግን ዓይኗ ፊቴ ላይ ነው። እኔም እትየ ዘውዴ ባልዲያቸው መሐል ሆነው እስኪሰሙ ድረስ "ቅቤ እዚህ ቤት አይገባም!" ብዬ እጮኻለሁ። ያኔ ትርንጎ ትተነፍሳለች። "እንግዲያው አረፋዎን ይሽጡ" ትለኝና የክሬሙን ውሃ ልታመጣ ትሄዳለች።